ትንሿ ሽጉጥና የጋሽ ይፍሩ ጉልበት

ባለፈው ማክሰኞ ሱሪ ላሳጥር በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ዳንፎርዝ የሚባለው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ገባሁ። ሰው ሲያረጅ ቁመቱ ያጥራል፣ ሱሪው ግን እንደ ድሮው ነው፤ መሬት እየጠረገ ያዋርዳል። ባለሱቋ ደህና ሴትዮ ናት፣ ባንግላዴሻዊት፤ እንደኔው ክሬሰንት ታውን በሚባለው የፎቅ ሰፈር ስለምትኖር አሳንሰር ውስጥ በተገናኘን ቁጥር ብርዱን አብረን እናማለን። ቁጭ በል አለችኝና የስፌት መኪናዋን ከፈት አድርጋ ከትንሽ ጠርሙስ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ጣል ጣል አደረገችበት። ቱ! ሽታው አፍንጫዬ ጋ እንደደረሰ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ሱሪውን ባንኮኒው ላይ ትቼ «ነገ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ሌላው ሰው ትዝታ ሲቀሰቀስበት የእናቱ ጓዳ ይሸተዋል፣ ወይ የሠርጉ ቀን ሽቶ። እኔ የስፌት መኪና ዘይት ነው የሚሸተኝ፤ እሱም ቢሆን መኪና ላይ ሳይሆን ሽጉጥ ላይ የተቀባው።

እኩዮቼ ሲሰበሰቡ ስለዚያ የአብዮት ዘመን ማውራት ይወዳሉ። ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ ቢራቸውን ይዘው፣ ማን ምን ታጥቆ እንደነበር፣ ማን በየትኛው ጥግ እንደቆመ ያወራሉ፤ ሲያወሩ ሁሉም ጀግና ነው፣ ሁሉም ተበዳይ ነው፣ አንድ በዳይ የለም። ኤዲያ! ያን ሁሉ በደል ማን ሠራው ታዲያ፣ ዝናቡ? እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ዝምታዬን ደግሞ እንደ ጨዋነት ይቆጥሩልኛል። ዘመኑን ካነሳን እኔም የማስታውሰው አላጣም፤ ሰባራ ባቡር አካባቢ ሻይ በአስር ሳንቲም ነበር፣ በስሙኒ ሲኒማ ይገባል፣ ሱሪያችን ከታች ሰፍቶ ጫማ ይውጣል፣ ጎፈሬያችን በር ላይ ቀድሞን ይገባል። ማበጠሪያ ከኋላ ኪስ ወጣ ብሎ ካልታየ ልብስ ለብሰሃል አይባልም። ሰፈራችን ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባ አንድ ሱቅ ነበረ። የጋሽ ይፍሩ ሱቅ ነው። ጋሽ ይፍሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፣ ሬዲዮናቸው ከመደርደሪያው አይጠፋም፣ ሳክስፎን ያለበት ዘፈን ሲመጣ የመኪናውን ፔዳል በዘፈኑ ምት ይረግጡት ነበር። ሱሪ አሰፍቶ ሦስት ብር የሌለው ሰው ሁለት ብር ከሃምሳ ይከፍላል፤ ሁለት ብር ከሃምሳ የሌለው «ሲኖርህ» ይባላል። አባቴ የሞተ ዓመት የትምህርት ቤት ልብሴን ሰፍተው በጋዜጣ ጠቅልለው ለእናቴ ላኩላት። ሒሳብ ብላ ብትሄድ ተቆጥተው መለሷት።

የሱቁ ግድግዳ ሥር አንድ አግዳሚ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ወግ የተማርነው እዚያ ላይ ተቀምጠን ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ትላለህ፣ «ኖር!» ትላለህ። የገባው ሰው ደግሞ አንተ ተነስተህ ሳትጨርስ «በእግዜር! በእግዜር!» ብሎ በእጁ ያስቀምጥሃል። ተነሺው ያከብራል፣ የተነሱለት ደግሞ «አይገባኝም፣ ተቀመጡልኝ» ይላል። ያልተነሳ ልጅ ከጋሽ ይፍሩ በሜትር ጫፍ ጆሮው ላይ ቸብ ይደረጋል። «መነሳት ምን ያስከፍልሃል? ጉልበትህ ገና አዲስ ነው!» ይሉ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ጉልበታቸው ደህና አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ፔዳል ሲረግጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀኝ እግራቸው ሲዘረጋ ቀጭ ይል ነበር፣ እኛም ሰምተን እንስቃለን።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። እንዴትና ለምን የሚለውን ለሚያውቁት ልተወው፤ እኔ የማውቀው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ከሰፈር ጥበቃዎች አንዱ ሆኜ መመረጤን ነው። ለምን እኔ እንደተመረጥኩ እንጃ፣ ቁመቴ ይመስለኛል። የቀበሌው አዳራሽ ጠሩኝ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ ከየቤቱ የተሰበሰበ ሽጉጥ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በካርቶን ተጽፎ በክር ታስሯል። ዕቃውን የሚያስረክቡት አንድ ባሻ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። እኔ ከሁሉ ትልቁን አፈፍ አደረግኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ! «ተው አንተ ልጅ!» አሉኝ ባሻ። «ለጀማሪ ትንሿ ናት የምትሻል። ትልቁ ይራገጣል፤ አንዴ ከረገጠህ ምላጩን ገና ሳትነካው ዓይንህን ትጨፍናለህ። ይችን ያዝ። ስድስት ጎራሽ ናት፣ ጥይቷ ቀጭን፣ ድምጿ ጭብጨባ። መዳፍህን ሞላች? ጣትህ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ደረሰ? በቃ፣ ያንተ ናት።» እጀታዋ ነጭ አጥንት ነበር፣ የሚያምር ነገር፤ አለመውደድ አይቻልም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ማማሯን መካድ አልቻልኩም፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ባሻ ክሩን በጢም ምላጭ በጠሱና ካርቶኑን ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ስሙ ወደ ላይ ዞሮ ነበር። ማንበብ እችል ነበር፣ አላነበብኩትም። «የመኪና ዘይት ከልብስ ሰፊ ለምነህ ጥረጋት» ብለው አሰናበቱኝ።

ልብስ ሰፊ እንግዲህ አንድ ብቻ ነው። ካኪ ጃኬቴ ጎኑ ጠቦ ሽጉጧን አላስገባ ስላለኝም የሚሠራ አለኝ፤ ጃኬቱ እንዲሸፍናት ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፣ ጎኑ ሰፋ ብሎ ስራመድ ብልጭ እንድትል ነው የፈለግኩት። በሰማያዊው በር ገባሁ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ይፍሩ ቀና ብለው ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ወገቤን አዩ። ሬዲዮኑን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ፣ እኚያ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ሁለት እጃቸውን መኪናው ላይ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው ቀጭ እያለ ተነሱ። «ኖር» አሉኝ።

የተማርኩት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አላልኩትም። ዘርፈጥ ብዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሙቀታቸው ገና አልወጣለትም ነበር። «ጃኬቱን ዛሬ እፈልገዋለሁ» አልኩ። እሳቸው ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ፣ ወገቤን ለኩ። ጣታቸው ሽጉጧን ሲነካ ፈጥነው ሰበሰቡት። ዘይት ስጠይቅ ጠርሙሱን እንዳለ ሰጡኝ። በዚሁ አበቃ ብል ውሸት ነው። በማግስቱ ያለ ምንም ጉዳይ ተመልሼ ሄድኩ፤ ተነሱልኝ። በሳልስቱም ሄድኩ። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ስውል ከጠዋት እስከ ማታ ሰባት ጊዜ ገባሁ፣ ሰባት! ክር አለ ወይ እላለሁ፣ ሰዓት ስንት ነው እላለሁ፣ ጉዳዬ ግን ሲነሱ ማየት ነበር። ሰባቱንም ጊዜ ተነሱ። ጉልበታቸው ቀጭ ሲል እሰማለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው አልኩት፤ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያች ሽጉጥ አንድ ቀን እንኳ ተኩሼ አላውቅም፤ እኩዮቼ ቢሆኑ ይህን እንደ ንጽሕና ይቆጥሩት ነበር፣ እኔ አልቆጥረውም። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ይፍሩ ሥራውን ቆመው መሥራት ጀመሩ፤ ስመጣ ከሩቅ ካዩኝ መኪናውን ትተው ካውያ ይይዛሉ፣ እኔ ስገባ እንዳይነሱልኝ ቀድመው ቆመው ለመጠበቅ። ከዚያ አንድ ቀን ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ወፍጮ ቤቷን የምትጠብቀው ሴትዮ «እህታቸው አገር ገቡ፤ ጉልበታቸው አልችል አለ» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

እኔም የማታ ማታ ተሰደድኩ፤ ሽጉጧን የሰጡኝ ቦታ መልሼ፣ ሱዳን ገብቼ፣ ዞሬ ዞሬ እዚህ ደረስኩ። መጀመሪያ የገባሁት ፓርክዴል ሰፈር ነው፣ አራት ወንዶች በአንድ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤቱ ለአሥር ሰው። አንድ ቀን አብሮ አደሬ ሻንጣዬ ውስጥ ፎቶ አየ። ካኪ ጃኬት ለብሼ፣ ጎኔ ላይ ነጩ እጀታ ብልጭ ብሎ። «መኮንን ነበርክ እንዴ?» አለኝ። ዝም አልኩ። አፌን ከፍቼ አልዋሸሁም፣ ዝም ብቻ ነው ያልኩት። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስገባ አንዱ «ኖር ሻምበል!» አለኝ፣ ይኸው ሻምበል ሆኜ ቀረሁ። የእድሩ መዝገብ ላይ ሻምበል አሰግድ ተብዬ ነው የተጻፍኩት። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደ። ሽማግሌ ሲፈለግ ሻምበል ይጠራ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ሲኖር ሻምበል ያስታርቅ፣ ክርስትና ሲነሳ ሻምበል ያንሳ። ሂሩት የምትባል ደግ ሴት የመጀመሪያ ልጇን ናሆምን ክርስትና ያነሳሁላት በዚሁ ስም ነው።

ናሆም እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ይዟል፣ ወንበዴ አይደለም፣ ሲጋራ እንኳ አያጨስም። ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ሽጉጥ መሸጥ በአገሩ ሳይከለከል በፊት ነው ይህ፣ የሥራ ጓደኞቹ የኢላማ መተኮሻ ክለብ ይዘውት ሄዱና ወደደው። ኮርሱን ወሰደ፣ ላይሰንሱን አወጣ፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ገዛ። ከዚያ ትንሽ ሽጉጥ ሊገዛ ሲል ኮል አደረገልኝ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ስሞል ካሊበር ሪቮልቨር። አንተ ትመርጥልኛለህ፣ አንተ ሻምበል ነህ።» እሺ አልኩ። በዚያው ሳምንት እናቱ ደወለች። «ሻምበል፣ እባክዎ ይህን ልጅ አንድ ይበሉልኝ! ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ሳለን ተኩስ ሲሰማ ፍራሹን መሬት አውርጄ እላዩ ላይ እየተኛሁ ነው ያሳደግኩት። አሁን በገዛ እጁ ቤቴ ሊያስገባው ነው! እኔን አይሰማኝም፣ የእርስዎን ቃል ግን አይጥስም።» ለእሷም እሺ አልኩ። ለልጁም እሺ፣ ለእናቱም እሺ። ሻምበልነት ማለት ይኸው ነው።

ሱቁ ከከተማ ወጣ ያለ ነበር፤ በናሆም መኪና አንድ ሰዓት ነዳን። መንገድ ላይ እንዴት ልጀምርለት እያልኩ ሳሰላስል ደረስን። በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ተቀበለኝ፣ ያው ዘይት፣ በየትም አገር ያው ነው። ሻጩ ፀጉራቸው የነጣ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ ሰው ነበሩ፤ ከባንኮኒው ኋላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰማያዊ ጎማ አንጥፈው ሦስት ትንንሽ ሽጉጦች ደረደሩ። ለጀማሪ ትንሹ ጥይት ነው የሚሻል፣ አሉ፤ ትልቁ ይረግጥና ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ በጣም የቀለለውን አትያዝ፣ ከበድ ያለው እጅ ያረጋል፤ መዳፍህን ይሙላ፣ ጣትህ ሳይንጠራራ ይድረስ። ባሻ ከመቃብር ተነስተው እንግሊዝኛ የሚናገሩ መሰለኝ። ናሆም በሥርዓት ያዘ፣ እንደተማረው አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ፣ ጥይት እንደሌለው ከፍቶ አይቶ። እጁ ላይ ምንም ጥፋት አላየሁም። ያየሁት ትከሻው ላይ ነው። ያ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ልጅ ትከሻው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፣ አገጩ ከፍ አለ፣ በባንኮኒው መስታወት ውስጥ ራሱን አየ። ያን አተያይ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሮ በኩራት «እሱ ነው የሚመርጥልኝ። ካፕቴን ነበር» አለ።

ሽማግሌው ሻጭ ቀና ብለው አዩኝ። «ካፕቴን!» አሉ፤ ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ከወንበራቸው ተነሱ። ወንበሩን በባንኮኒው ዙሪያ ገፍተው አመጡልኝ። «ፕሊዝ፣ ሰር፣ ተቀመጥ።»

እግዚኦ! ምን ልበላችሁ? በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ ፓርኪንጉ ውስጥ የመኪናውን ጣራ ይዤ ቆምኩ። ናሆም እየሮጠ መጣ። «ጋሼ! ምን ሆንክ? አሞሃል? አምቡላንስ ልጥራ?»

«አላመመኝም። ቀፎኝ ነው።»

«ምኑ? ሰውዬው ምን አለህ?»

«ሰውዬው ምንም አላሉኝም። ራሴ ነው የቀፈፈኝ። ናሆም፣ እኔ ሻምበል አይደለሁም። ወታደርም ሆኜ አላውቅም።» ነገርኩት። ጠረጴዛውን፣ ነጩን እጀታ፣ የተጣለውን ካርቶን፣ ሁሉንም። ፊቱ ገረጣ። «ስንት ሰው ገደልክ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አንድም።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«አንድ ሽማግሌ አስነሳሁ።»

ትንሽ ጠበቀ፣ ሌላ ነገር ይከተላል ብሎ። ከዚያ ሳቀ! እፎይ ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዛትስ ኢት? ከወንበር? ይሄ ብቻ ነው?» እንዴት ብዬ ላስረዳው? ባስና ባቡር ላይ ለሽማግሌ ወንበር በተለጠፈ ምልክት የሚለቀቅበት አገር የተወለደ ልጅ ነው። ስለ ትምህርት ቤት ልብሴ ነገርኩት፣ በጋዜጣ ስለመጠቅለሉ። ስለ ጉልበታቸው ድምፅ ነገርኩት። ሰባት ጊዜ በአንድ ቀን አልኩት፣ ሲነሱ ለማየት ብቻ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። «ዩ ላይክድ ኢት?» አለኝ። አዎ፣ ወደድኩት አልኩ። ቀጥሎ ያነሳው ግን ሌላ ነገር ነው። «ግሬድ ፎር እያለሁ ስላንተ ጽፌያለሁ። ክላስ ፊት ቆሜ አንብቤዋለሁ። የክርስትና አባቴ ካፕቴን ነው ብዬ።» የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ማሚ ታውቃለች?» አታውቅም አልኩት። ወደ ሱቁ አልተመለሰም። መኪናውን አስነሳ፣ ሬዲዮ እንኳ ሳይከፍት ክሬሰንት ታውን አደረሰኝ፣ ቻው ሳይለኝ ሄደ።

በማግስቱ ሂሩት ደወለች፣ ደስታዋ ስልኩን ሊሰነጥቀው። «ሻምበል፣ እግዜር ይስጥልኝ! ተወው! አልገዛም አለኝ! ምን እንዳሉት አልጠይቅም፣ የመኮንን ቃል እንደ ሌላ ሰው ቃል አይደለም!» ይችን ምስጋና እንዴት ይውጧታል? አሜን ብዬ ዘጋሁ። አሜን! ያን ምላሴን ነቅዬ በጣልኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሂሩት ትንሿ ልጅ የወለደችው ሕፃን ክርስትና ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሄድኩ። ቤቱ ጢም ብሏል፣ የሽንት ቤቱ በር ላይ ሳይቀር ሰው ተደግፏል። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ዘፈኑ ዝቅ ተደረገና «ኖር! ኖር ሻምበል!» የሚል ጩኸት ተነሳ፣ ሰው ሁሉ ብድግ ብድግ አለ። አንድ ሰው ብቻ አልተነሳም። ናሆም ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊት ለፊት ያየኛል። ሂሩት አየችው። «ናሆም! ምን ነካህ? ሻምበል ገብተው! ተነስ እንጂ!» አልተነሳም። ሶፋው ላይ አጠገቡ የሂሩት አባት ነበሩ፣ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ፣ ሰማንያ ያለፋቸው። ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰው ሲነሳ አይተው ነው ነገሩ የገባቸው፤ ከዘራቸውን ፈልገው፣ ጨብጠው፣ ግማሽ ድረስ ተነስተዋል።

በሰዎች መሃል እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። ትከሻቸውን ያዝኩ። «በእግዜር!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እንዲሰሙኝ። «በእግዜር፣ በእግዜር አባቴ፣ ይቀመጡልኝ! እኔ ሻምበል አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ሂሩት፣ ሰምተሽኛል? ሻምበል አይደለሁም።» ሽማግሌው ፈገግ ብለውልኝ ተቀመጡ፤ አልሰሙኝም። ሌላው ሁሉ ግን ሰምቷል። ሂሩት ሳህን እንደያዘች ቆማለች፤ ዓይኗ ከእኔ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ እኔ ይሄዳል። አንድ በአንድ ሁሉም ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የእኔ የክብር ወንበር፣ ሁልጊዜ የሚያስቀምጡኝ፣ ባዶውን ነበር፤ «ቁጭ ይበሉ» ያለኝ የለም፣ እኔም ወደዚያ አልሄድኩም። በካልሲዬ ምንጣፉ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ይህ ነበር የፈራሁት፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ይህ ነው።

ያኔ ናሆም ተነሳ። ወደ ወጥ ቤት ገባ። ከፍሪጁ ኋላ የሚታጠፈውን የላስቲክ ወንበር አውጥቶ፣ ዘርግቶ፣ ጫማ የተከመረበት በር አጠገብ አኖረው። መቀመጫውን በእጁ ጠረግ አደረገው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እዚህ ተቀመጥ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ።